የስግደት ነጥብ

በእኛ ሰፈር ፋሲካ የሚፈሰከው ማክሰኞ ነው። እሑድ ሌሊት ቅዳሴው ያልቃል፣ ልጆች ይበላሉ፣ ከሃምሳ አምስት ዓመት ያለፉ ሽማግሌዎች ይበላሉ፤ ሌሎቻችን የዶሮ ወጡን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትተን፣ የማቀዝቀዣውን በር እያየን እንውላለን። የተጠባባቂ ጦር የዓመቱ የብቃት ፈተና ሰኞ ስለሆነ ነው። ድሮ በጥቅምት ነበር ይላሉ። በኋላ የጦሩ ቢሮ ሕዝቡ ከሁዳዴ ሲወጣ ቀጥኖና ቀልሎ እንደሚገኝ ደረሰበትና ወደዚህ አመጣው። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከረመዳን ማግስት ነው። ማንም አልተቃወመም፤ እንዲያውም ጾማችን ታሰበልን ብለው ያመሰገኑ አሉ።

ስሜ ኤልዳና ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ሰው ሁሉ በጾሙ ማብቂያ ሱሪውን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል፣ ወገቡን አጠብብለታለሁ። በሜትሬ ለክቼ ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚወድቅ ከቢሮው ቀድሜ አውቃለሁ። ይህን እውቀት አልፈለግኩትም፤ በሥራዬ ነው የመጣብኝ።

ሰላምታችንም ተለውጧል። ትከሻ ለትከሻ ከተነካካን በኋላ ጎንበስ ብለን የሰውየውን ባት ጨበጥ እናደርጋለን። የበሬ ነጋዴ ገበያ ላይ የሰንጋውን ሽንጥ እንደሚጫነው ነው። ጠንካራ ከሆነ «ተመስገን» እንላለን፣ ከላላ ዝም ብለን እጃችንን እንሰበስባለን። ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲላክ ድሮ ሰባት ቤት ይቆጠር ነበር አሉ፤ አሁን የሚጠየቀው የአልቦው ቀለም ነው።

አልቦ የምንለው ቢሮው በቁርጭምጭሚታችን ላይ ያሰረልንን ቀለበት ነው። ከአሥራ ስምንት እስከ ሃምሳ አምስት ዓመት ያለ ሰው ሁሉ አለው፣ የሚፈታውም ቢሮው ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ የተራመድነውን፣ የሮጥነውን፣ ቁጭ ብድግ ያልነውን ይቆጥራል። ቀይ ከበራ ወድቀሃል። ቢጫ ሁለተኛ ደረጃ ነው፣ መጠነኛ ሽልማት አለው። አረንጓዴ አንደኛ ደረጃ ነው፤ የእሱ ሽልማት የባለቤቴን የናሆምን የአሥር ወር ደመወዝ ያህላል። ናሆም የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር።

ከአረንጓዴዎቹ ጥቂቶቹ በየሰኔው ይጠራሉ። ወዴት እንደሚሄዱ አይነገርም። የሄደ ሰው ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እንዳለፈ ይቆጠራል፣ ሽልማቱም ለቤተሰቡ ይመጣል። በሕይወት ይኑር አይኑር የሚጠይቅ የለም፤ መጠየቁ ሽልማቱን ያቋርጠው እንደሆነስ? በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል። እኛ እንኳ ገደሉን በደንብ አይተነዋል። አይተነውም እየበላን ነው።

ናሆም ስድስት ዓመት በተከታታይ አረንጓዴ ነበር፣ አልተጠራም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ክፍል ውስጥ እንኳ የማይቀመጥ ሰው ነው። ግድግዳ የሚጋራን ጎረቤታችን ኢዮስያስ ግን ወፍራም ነበር፤ በየዓመቱ ከቀይ ለጥቂት እያመለጠ ቢጫ ላይ ይወድቃል። ጣሪያው ያፈስ ነበር። ናሆም አዘነለትና ጠዋት ጠዋት አብረን እንሩጥ አለው። ኢዮስያስ ዳገቱ ላይ ሲደክም ናሆም ገመድ አምጥቶ አንዱን ጫፍ በራሱ ወገብ፣ ሌላውን በኢዮስያስ ወገብ አሰረው። በዚያ ዓይነት ዓመት ሙሉ ጎተተው። ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ፣ በኋላም አደነቀ። ኢዮስያስ አረንጓዴ ሆነ፣ ጣሪያው ተቀየረ፣ በሰኔ ተጠራና ሄደ። ደብዳቤ አልጻፈም።

በዓመቱ ኢዮስያስ በሌለበት አለፈ። ሽልማቱ የገባ ዕለት ሚስቱ ሶልያና ወለሏን ሸክላ ልታስነጥፍ ሠራተኛ አስገብታ፣ ወደ እኛ ቤት መጣች። አዲስ ቀሚስ እንድሰፋላት ጨርቅ ይዛለች። ናሆም ተቀምጦ ፈተና ያርማል። ጨርቁን ወንበር ላይ አኖረችና በርከክ ብላ የናሆምን ጉልበት ሳመችው።

«አንተ ባትጎትተው ይኼ ሁሉ የት ነበር» አለችው። «እግዜር ይስጥህ።»

ከልቧ ነበር፣ ክፋት አልነበረባትም። ናሆም እግሩን ሰበሰበ። እሷ ከሄደች በኋላ ተነሥቶ ጉልበቱን በውሃ አጠበው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልሮጠም።

ነገሩን የነገረኝ አልጋ ላይ ሆነን በሹክሹክታ ነው። ዘንድሮ ወደ ቢጫ መውረድ እፈልጋለሁ አለኝ። ቀይ ከሆነ ቢሮው ሐኪም ይልክና ይመረምረዋል፤ ቢጫ ከሆነ ግን ማንም አይጠይቀውም፣ ማንም አይጠራውም፣ እቤቱ ያረጃል። እኔም የምመኘው ሌላ አልነበረም። ልጅ የለንም፣ ያለን እኔና እሱ ነን። እሺ አልኩት።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የስንፍና ትምህርት ቤት ሆነ። ናሆም በእግሩ አሥር ደቂቃ የማይሞላውን መንገድ በባጃጅ ይሄድ ጀመር። ተቀምጦ አስተማረ። ጾሙን አልሻረም፣ ሃይማኖቱን የሚያጠብቅ ሰው ነው፤ ግን በጾም የሚፈቀደውን ሁሉ የተልባውን፣ የሱፉን፣ የሰሊጡን ፍትፍት በላይ በላይ አጎረስኩት። በየማታው አልቦውን እናያለን። አረንጓዴው ላይ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀረው ስለነበር ተስፋችን ለመለመ። እንደ ሌባ ነበር የምንደሰተው።

ሰፈር ግን ዓይን አለው። ከአንድ እድር አርባ አረንጓዴ ከተገኘ ለሰፈሩ በሙሉ የሚሰጥ ሽልማት አለ። ዘንድሮ ሠላሳ ዘጠኙ ተገኝተዋል፣ አርባኛው ሁልጊዜ የማይቀረው ናሆም ነው። በሽልማቱ አስፋልት ሊሠራ ታስቧል። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ማክቤል ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ነጠላቸውን ለለቅሶ እንደሚለበሰው ዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ በዚህም ነገሩ እንደ ሞት እንደሚቆጠር አስታወቁን። ሻይ አልፈለጉም። ጋሽ ማክቤል ስለ ዝናቡና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ካወራ በኋላ ናሆምን ቁም አለው።

«እስኪ ሸሚዝህን ከፍ አድርገው።»

ናሆም ሳቀ። ሌላው አልሳቀም። የሃምሳ ሁለት ዓመቱ ባሌ፣ አስተማሪው፣ በገዛ ሳሎኑ ሸሚዙን ገለበ። ጋሽ ማክቤል በሁለት ጣቱ ሆዱን ቆንጠጥ አድርጎ ይዞ ለሁለቱ ሽማግሌዎች አሳያቸው። እነሱም ተራ በተራ ነኩት። አንደኛው ጣቱን በነጠላው ጠረገ።

«ይኼ ያንተ ብቻ አይደለም እኮ፣ ልጄ። የሰፈሩም ነው» አለ ጋሽ ማክቤል።

ናሆም አሞኛል አለ። ሕመም ከሆነ የሐኪም ወረቀት እንደሚኖረው፣ ወረቀት የሌለው ሕመም ስንፍና እንደሚባል በትሕትና አስረዱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው የማበላውን እንድቀንስ መከሩኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኛን አጥሩን አልፈው ሆዳችን ድረስ ገብተዋል። ያን ቀን ቤቴን ከጥግ እስከ ጥግ በበረኪና አጠብኩት። ሽታው ለሁለት ቀን አልወጣም፣ እኔም እንዲወጣ አልፈለግኩም።

ሰሙነ ሕማማት ገባ። የዓመቱ ቆጠራ የሚዘጋው ቅዳሜ ነው። ናሆም ቢጫ ነው፣ ለአረንጓዴው መቶ አሥራ ስምንት ነጥብ ይቀረዋል። ሩጫ የለም፣ ዳገት የለም። አንድ አደጋ ብቻ ቀርቷል፣ እሱም ዓርብ ስቅለት ነው።

ይኼ የሆነው በእነ ጋሽ ማክቤል ብልሃት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እድሮች ተሰብስበው ስግደትም ድካም ነውና ይቆጠርልን ብለው ለቢሮው አመለከቱ፤ ተፈቀደ። አንድ ስግደት አንድ ነጥብ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በስቅለት ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ይሞላል። ዓመቱን ሙሉ ደጁን ያልረገጡ ሰዎች ከንጋት ጀምረው ቦታ ይይዛሉ። ጫማ ስለሚወለቅ ከኋላ ሆነህ ስታይ የሚታይህ በየረድፉ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ሰው በግንባሩ መሬት ይነካና ሲነሣ ዓይኑ ወደ ተረከዙ ይሄዳል። ካህናቱ ያዜማሉ፣ የሚሰማቸው ጥቂት ነው።

ናሆም ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ከስቅለት ቀርቶ አያውቅም። ዘንድሮ እቀራለሁ አለ። እቤት ዋለ፣ ዜማው በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ግቢው በር ድረስ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነጠላውን አንሥቶ ለጥብጣቡ ብቻ እደርሳለሁ አለኝ። ጥብጣብ ማለት በስቅለት መጨረሻ ላይ ካህኑ ምእመኑን በወይራ ቅጠል ጀርባውን መታ መታ አድርጎ፣ ኃጢአቱን ሰምቶ፣ የሚሰግደውን ስግደት ቁጥር የሚሰጥበት ነው። አርባ አንድ ቢሰጡኝ እንኳ ቢጫ ነኝ አለ። ተከትዬው ሄድኩ።

የሰፈራችን ካህን መምሬ ኅሩይ ደክመዋል። ሰልፉ ረጅም ነው። ኃጢአት መጠየቅ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ወይራውን ትከሻ ላይ አሳርፈው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው።

«ስንት ቀረህ?»

«ሃምሳ ሦስት፣ አባቴ።»

«ሃምሳ ሦስት ስገድ።»

ቀጣዩም እንዲሁ፣ ቀጣዩም። አንዱ በዛብኝ ብሎ እንዲቀንሱለት ተከራከራቸው። የናሆም ተራ ደረሰና መምሬ ኅሩይ እንደ ሌላው ጠየቁት። እኔ ከኋላው ነበርኩ፣ መልሱን ሰምቻለሁ።

«እሱን አይጠይቁኝ፣ አባቴ። ሰው በገመድ ጎትቼ አስረክቤያለሁ።»

መምሬ ኅሩይ ወይራውን አወረዱ። ስሙን ጠየቁት፤ የእሱን ሳይሆን የሰውየውን። ኢዮስያስ አላቸው።

«ለሰው የሚመጥን ቁጥር እኔ ጋ የለም» አሉት። «አርባ አንድ ስገድለትና ወደ ቤትህ ሂድ።»

አርባ አንድ ሰገደ። ቆጥሬያለሁ። አርባ አንደኛው ላይ ተነሣ፣ ፊቱን በነጠላው ጠረገ፣ አበቃ ብዬ እጁን ልይዝ ስል ተመልሶ ወደቀ። «ስለ ኢዮስያስ» ይላል እየወደቀ፣ «ስለ ኢዮስያስ» ይላል እየተነሣ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ያለቀሰው እንደ ሕፃን ነው፣ ንፍጡና እንባው ተቀላቅሎ። ሰማንያን ሲያልፍ አጠገቡ ተንበርክኬ በጆሮው አናገርኩት።

«ናሆም፣ ይበቃል። ኢዮስያስ አያይህም። የሚያዩህ እነሱ ናቸው።»

«አውቃለሁ፣ ኤልዱ» አለኝ። «ግን ሌላ ምን አለኝ?»

ሲሰግድ የነበረ ሰው ሁሉ የራሱን ጨርሶ ዙሪያውን ቆሟል። ጋሽ ማክቤል ከፊት ሆኖ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። መቶ አሥር። መቶ አሥራ አንድ። በርታ፣ ጀግናው። ሌሎቹም አብረው መቁጠር ጀመሩ። መቶ አሥራ ስምንት ላይ የናሆም ቁርጭምጭሚት አረንጓዴ በራና አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። በስቅለት፣ ከበሮ በማይነካበት፣ ሰው ሰላምታ እንኳ በማይለዋወጥበት ቀን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ለባሌ ቁርጭምጭሚት በእልልታ ተናወጠ። ናሆም ግን ቀና ብሎም አላየም። ሦስት መቶ እስኪሞላ ሰገደ። ሰዎቹ ከመቶ አሥራ ስምንት በኋላ ተበትነው ስለነበር የመጨረሻዎቹን ያየሁት እኔና መምሬ ኅሩይ ብቻ ነን።

እሑድ ከሌላው ሰው ተለይተን ፈሰክን። ናሆም አንድ ሙሉ ዶሮ ብቻውን በላ፣ ክብደቱ ይጥለው እንደሆነ ብለን ነበር። ሰኞ ሜዳው ላይ ሲደርስ ሩጫውን ትቶ መሐል ላይ ተቀመጠ። ፈታኟ ገና ወጣት፣ ድምጿ ለስላሳ ነበር። መጥታ ደግፋ አነሣችው።

«አባዬ፣ አይልፉ» አለችው። «የዓመቱ ድምር ሞልቷል። የዛሬው ለወጉ ነው።»

ሽልማቱ የዚያኑ ቀን ገባ። ማክሰኞ እድርተኛው ሁሉ ቤታችን መጣ፣ ባቱን እየጨበጠ እንኳን ደስ አለህ አለው። በግንቦት አስፋልቱ ተጀመረ። በሰኔ ጥሪው መጣ።

ለሚጠሩት የሚሰጠው ልብስ ሁልጊዜ ሰፊ ነው፣ ሰው በሰፈሩ ልብስ ሰፊ እንዲያስጠብበው ይደረጋል። የናሆምን የለካሁት እኔ ነኝ። ወገቡ ላይ አራት ጣት አስገባሁ። እየሰፋሁ፣ ለኢዮስያስ እንደሰገደው ለእሱም በየስቅለቱ ሦስት መቶ እንደምሰግድለት ነገርኩት። ሳቀና ጉልበትሽን ትጨርሺዋለሽ አለኝ። በማግስቱ ጠዋት በአዲሱ አስፋልት ላይ ቆመን ሸኘነው። ሶልያናም መጥታ ነበር። አቅፋኝ አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ የሸክላ አንጣፊዋን ስልክ ልትሰጠኝ እንደምትችል ነገረችኝ።

ደብዳቤ አልመጣም።

ዓመቱ ዞረ። ናሆም በሌለበት እንደሚያልፍ ከወዲሁ ተነገረኝ። ነገር ግን እቤት የቀረችው ሚስት ቀይ ከሆነች የባሏ ሽልማት በግማሽ ይቀነሳል፤ እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከስፌት መኪናዬ አልተነሣሁም፣ ቀይ ነበርኩ። ጋሽ ማክቤል ሱቄ ድረስ መጥቶ ባቴን ጨበጠና እጁን ሰበሰበ። አልሰደብኩትም። ቤት ኪራይ አለብኝ፣ ዓይኔ እየደከመ ነው፣ ሽልማቱ ያስፈልገኛል። እሱ እንዳያስፈልገኝ ያደረግኩት ምንም ነገር የለም።

ስቅለት ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። በሰልፉ ውስጥ ቆሜ የናሆምን ስም በልቤ እየደጋገምኩ ነበር፣ ሌላ ነገር ላለማሰብ። መምሬ ኅሩይ አርጅተዋል፣ ወይራውን የሚይዝላቸው ዲያቆን ነው። አላወቁኝም።

«ስንት ቀረሽ?» አሉኝ።

«ለቢጫው ስድሳ፣ ለአረንጓዴው ሁለት መቶ አሥራ ሦስት» አልኳቸው።

አፌን እንኳ አልያዘኝም። ሁለቱንም ቁጥር በቃሌ ይዤው ነው የሄድኩት። መምሬ ኅሩይ ድምፄን ሲሰሙ ቀና ብለው አዩኝ፣ ያን ጊዜ ያወቁኝ ይመስለኛል። ቁጥር አልሰጡኝም። በወይራው ትከሻዬን ነካ አድርገው አሳለፉኝ።

ሦስት መቶ ብዬ ጀመርኩ። «ስለ ናሆም» እያልኩ እወድቃለሁ፣ «ስለ ናሆም» እያልኩ እነሣለሁ። የመጀመሪያዎቹ የእውነት ነበሩ። ፊቱ ይታየኝ ነበር፣ ሱሪውን ስለካው ክንዱን ከፍ አድርጎ የቆመው ይታየኝ ነበር። ስድሳ ላይ ቢጫው በራ፣ ግድ አልሰጠኝም። መቶን አለፍኩ። መቶ ሃምሳን አለፍኩ። ሁለት መቶ ስደርስ ስነሣ ዓይኔ ወደ ቁርጭምጭሚቴ እየሄደ መሆኑን አወቅኩ። ስሙን መጥራት ትቼ ቁጥር እየጠራሁ ነበር። ሁለት መቶ አሥር። ሁለት መቶ አሥራ አንድ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።

ተነሣሁ። ግንባሬን አራገፍኩ፣ ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ ጫማዬን ፈልጌ አደረግኩ። ቁርጭምጭሚቴ ቢጫ ነው። ባሌ ሰማንያ ስምንት ስግደት ቀርቶበታል። ጉልበት አጥቼ አይደለም።